የኑግ ዘይት የጠጣች ጀልባ

አያ ሰይፈ ጀልባዬን ቀደው የጤፍ ክምር ሊያለብሱባት ነበር። እኔ ቻይነሽ በሕይወት ቆሜ! ያውም የተናገሩት ሰንበቴ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ጠላውን ይዞ በተቀመጠበት። «አርጅታለች፤ ከእንግዲህ ከክምር ልብስ በቀር ለምንም አትሆን» አሉ። ዋንጫዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «አያ ሰይፈ፣ እርስዎም እኮ አርጅተዋል፤ ማን ቀደድዎት?» አልኋቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አያ ሰይፈ ዋርሳዬ ናቸው፣ የሟቹ ባሌ የክንዱ ታላቅ ወንድም። የጎጣችንም መሪ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ መጣላቱ እንዴት በቀለለኝ!

ጀልባዋ የጎማ ናት፣ በአየር የምትነፋ። ይዘዋት የመጡት ፈጠም ላይ ድልድይ እንሠራለን ብለው ወንዙን ሊለኩ የመጡ ሰዎች ናቸው። ለኩ፣ ጻፉ፣ በግ አርደንላቸው በሉና ሄዱ። ድልድዩ የውሃ ሽታ ሆነ፣ ጀልባዋ ግን እኛው ዘንድ ቀረች። ክንዱ ከወዲህ ማዶ ካለው ዋንዛ እስከ ወዲያ ማዶው ሾላ ወፍራም ገመድ ወጠረና፣ ገመዱን እየሳበ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው ሲያሻግር ኖረ። እሱ ሲሞት ገመዱን እኔ ያዝሁ። «ሴት ደግሞ በውሃ ላይ!» ያሉ ነበሩ። የቡሬ ገበያ ሲደርስ በርበሬያቸውን ተሸክመው ቀድመው የሚሰለፉት ግን እነዚያው ናቸው።

አምና ነው ጉድ የሆንሁት። ልጄ ዮርዳኖስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። የተፈታኞቹ አውቶብስ ከቡሬ ሲነሣ እሷ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ እዚህ ዳር ቆማለች፤ ጀልባዋ ትንፋሿ ወጥቶ ጭቃው ላይ ተዘርግታለች፤ ፈጠም ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጮኻል። ድልድይ ወዳለበት እንዙር ብንል በመካከሉ ሌላ ሙሉ ወንዝ አለ። አያ ሰይፈ «ይሁን፣ ፈተናው ለከርሞም አለ» አሉ። ልጄ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤት ገባችና የአባቷን ጋቢ ተከናንባ ተኛች። ያን ቀን ማልሁ፤ ከርሞ ይህ ወንዝ ልጄን አያስቀራትም አልሁ።

ከርሞም ደረሰ። ሰኔ ሲገባ ጀልባዋን ከአያ ሰይፈ ቤት አወጣናት፤ ቦታ ስላላቸው በጋ በጋውን እሳቸው ዘንድ ነበር የምትቀመጠው። ቀዳዳዋን ራሳቸው በማስቲሽ ጣፏት። የጣፉት ውሃ ሲነካው ተላጠ። ደግመው ጣፉ፣ ደግሞ ተላጠ። አንዲት እራፊ ብቻ እንደምንም ያዘች። «አርጅታለች» የተባለው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው። ደግሞም ቀበሌው አዲስ ጀልባ ይመጣል ብሏል አሉኝ። ይመጣል ከተባለ ስንት ክረምት አለፈ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በነጋታው ጀልባዋን ጠቅልዬ አህያ ላይ ጫንሁ። ፈጠም ገና ከጉልበት አላለፈም ነበር፤ በእግሬ ተሻግሬ ቡሬ ገባሁ። መናኸሪያው አጠገብ ገነነ የሚባል ጎሚስታ አለ። ጎልማሳ ነው፣ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ። ስዘረጋለት ጊዜ ሳቀ።

«እናት፣ ይህ የምን መኪና ጎማ ነው?»

«የፈጠም መኪና ናት። ሥራህን ሥራ!»

ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ አሻት፣ አሸተታት። ቀና ብሎ አየኝና እንደገና አሸተታት።

«ኑግ ኑግ ትሸታለች።»

«ምን አልህ?»

«ዘይት ጠጥታለች እናት። ዘይት ባለበት ማስቲሽ አይዝም፤ ጎማውንም ያላሽቀዋል። ደግሞ ጭስ ጭስ ትላለች። ሊጠብሷት ነበር እንዴ?»

ክው አልሁ። «እና አላረጀችም?» አልሁት።

«አርጅታለች እንጂ! አዲስ ቢገዙማ ጥሩ ነበር። ግን ያረጀ ሁሉ የሚጣል ቢሆን እኔ እዚህ ምን እበላለሁ?»

አዲስ የት አባቴ አግኝቼ! ያለችኝ ይህችው ናት። ገነነ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ። ዘይቱ ታጥቦ ይወጣል፤ ጎማው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ በቤንዚን ይጠረጋል፤ ማስቲሹ ከተቀባ በኋላ ደግሞ ጣት እስከማይዝ ይጠበቃል። «በእርጥቡ እንዳይለጥፉት፤ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው ተመልሶ እኔ ዘንድ የሚመጣው» አለኝ። ዕቃውን ሸክፌ ተመለስሁ። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስናገር አህያዋ ጆሮዋን እየመለሰች ታየኝ ነበር።

በቀጥታ ወደ አያ ሰይፈ ቤት። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የቀንበር ጠፍር ያለሰልሳሉ። እጃቸው ላይ ምን አለ? የኑግ ዘይት!

«አያ ሰይፈ፣ ጀልባዬን ምን ቀቧት?»

«ምን እቀባታለሁ? ዘይት ነዋ!» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ደህና አድርጌ አጠጣኋት። ጭሱ እንዲያጠነክራት ደግሞ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ሰቀልኋት። ይህ ጠፍር የአባቴ ነው፤ በምን የኖረ ይመስልሻል?»

«እረ በስመ አብ! አያ ሰይፈ፣ ጎማ እኮ ከበሬ አይገፈፍም!»

ጠፍሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። «ለእሷ ብዬ ነበር» አሉ። «የክንዱ ናት ብዬ፣ ለሁዳዴ ወጥ ያስቀመጥሁትን ዘይት ነው የሰጠኋት።» ዘንድሮ ጾሙን ወጣቸው ሁሉ ደረቅ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቢሆንም ተናድጄ ነበርና «ነገ በጠዋት ይምጡ፤ ያጠጡትን ራስዎ ያስተፏታል!» ብዬ ሄድሁ።

መጡ። እንዶድ ወቅጠው በስልቻ ተሸክመው መጡ። ቅቤ የጠጣ ነጠላ የሚያነጣ እንዶድ ኑግ ያቅተዋል? እሳቸው በቃጫ ሲፈትጉ እኔ ውሃ ሳፈስ፣ አረፋው ቡናማ ሆኖ ወረደ። ስንደግመው ሳሳ። በመጨረሻ ነጭ ሆነ።

«ለሰው እንዳትነግሪ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ምን ቀረኝ? ማታውኑ ሰንበቴው ሁሉ ሰምቷል!»

«አንቺ ሴትዮ አፍሽ!» አሉና ፍትጊያቸውን ቀጠሉ።

ዝናቡ ግን እረፍት ነሣን። ጥጃዋን ጎረቤት አስጠግቼ ጀልባዋን ቤቴ ውስጥ ዘረጋኋት፤ እኔና ዮርዳኖስ ጥግ ይዘን ተኛን። ፋቅሁ፣ ጠረግሁ፣ ቀባሁ፣ ጣቴን እስከማይዝ ጠበቅሁ። እኔ መጠበቅ የማልወድ ሴት ጠበቅሁ! አያ ሰይፈ የጣፏትን ያችን የያዘች እራፊ ብቻ፣ ይህችስ ደህና ናት ብዬ ተውኋት።

ይህን በጨረስን ሳምንት ፈጠም ሞላ። የፈተናው ቀን የተነገረው ያን ጊዜ ነው፤ የዮርዳኖስ ጓደኛ ደውላ አውቶብሱ ነገ ቀትር ላይ ይነሣል አለቻት።

በነጋታው በማለዳ ጀልባዋን ነፍተን ወደ ወንዙ አወረድናት። አያ ሰይፈ ቀድመውን ደርሰው ገመዱን ጨብጠው ቆመዋል። ከኋላቸው የሠፈሩ ሰው ቆሟል።

«ቀበሌው ከልክሏል፤ አዲሱ እስኪመጣ በዚህች ሰው አይጫንም» አሉ።

«ይከልክል! እኔ ሰው አልጫንሁም፤ ልጄን ነው የማሻግረው።»

«ብትሰምጡስ? ውሃውን አታይም? ለክንዱ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

«ልጅህን ከርሞ ከርሞ እያልሁ አስረጀኋት ይበሉታ! ገመዱን ይልቀቁ!»

አልለቀቁም።

«ልቀቅ!» አልሁ። አንተ ማለቴ ነው። ባል ካገባሁ ጀምሮ አንተ ብያቸው አላውቅም። አያ ሰይፈ አዩኝ፣ ዮርዳኖስን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ፈቱ።

የመጠገኛ ዕቃውንና በእግር የሚረገጠውን መንፊያ ይዘን ገባን። ገመዱን መሳብ ጀመርሁ። ውሃው ቀይ ነው፤ ከሥራችን ይገፋል፣ ያገላብጣል። መካከል ስንደርስ አንድ የተነቀለ ግንድ ጎናችንን ገጨንና ፊሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የትኛዋ ትመስላችኋለች? ያች የተውኋት የአያ ሰይፈ እራፊ! ዮርዳኖስ መዳፏን ቀዳዳው ላይ ጭና በላዩ በጉልበቷ ተጫነችው።

«ይዤዋለሁ! እማ፣ ሳቢ!»

ያን ጊዜ ደግሞ ገመዱ ላላ። ውሃው ወደታች ይዞን ሊሄድ ሲል «እመ አምላክ!» አልሁ። ብዙም ሳይቆይ ገመዱ መልሶ ተወጠረ። ለምን ላላ ለምን ተወጠረ ብዬ የምጠይቅበት ጊዜ አልነበረም፤ ስቤ ስቤ ሾላው ሥር ደረስን።

ልጄ ወርዳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆመች። ጀልባዋ ግማሽ ጎኗ ተንፍሷል።

«አንቺስ እንዴት ትመለሻለሽ?»

«ሂጂ ብያለሁ! አውቶብሱ እንባሽን አይጠብቅም!»

ሳመችኝና ዳገቱን ወጣች፤ ጫፍ ላይ ዞር ብላ አይታኝ ተሰወረች። እኔ ደግሞ ዝናቡ ጋብ ሲል ነጠላዬን ዘርግቼ ጀልባዋን ከለልሁና ያችን እራፊ ላጥኋት። ፋቅሁ፣ ጠረግሁ፣ ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ለጠፍሁ። በእግሬ ረግጬ ነፋኋት። ስመለስ ከጎኗ አንዲት ፊሽ አልተሰማችም።

ወዲህ ማዶ ስደርስ ያየሁትን አልረሳውም። ውሃው የዋንዛውን ሥር በልቶት ዛፉ ወደ ወንዙ ተጋድሟል። ገመዱ የታሰረው አያ ሰይፈ ወገብ ላይ ነው። እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው እግራቸውን ድንጋይ ላይ ተክለዋል፤ ጎረምሶቹ ከኋላ ይዘዋቸዋል። መዳፋቸው ተልጧል።

«ተሻገረች?» አሉ።

«ተሻገረች።»

አማተቡ። ከውሃው እየጎተትሁ ሳወጣቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ እኔ ግን እያለቀስሁ ነበር፣ አልደብቅም።

«በጋ ሲሆን ጀልባዋን የት ታስቀምጫታለሽ?» አሉኝ።

«የትም! ከእርስዎ ቤት በቀር!»

ሳቁ። ሰንበቴ ላይ የነፈጉኝን ሳቅ ያን ቀን ሳቁልኝ። «ቀበሌው ቢጠይቅስ?»

«አዲሱን ይዘው ይምጡና ይጠይቁኝ። እስከዚያው ነገ ለገበያ መጀመሪያ የማሻግረው እርስዎን ነው፤ ሰው አይቶ እንዲያምን።»

«እኔን? ቻይነሽ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም!»

«እኔስ መቼ እችላለሁ አያ ሰይፈ?» አልኋቸውና ገመዱን ከወገባቸው ፈታሁ።