ለእንግዳ የተለቀቀ ወንበር

አንድ ከተማ አውቶቡስ እንደማያስፈልገው በምን ይታወቃል? አትቸኩሉ፤ እኔም እስከ ባለፈው ሚያዝያ ድረስ አላውቅም ነበር። «ምቹ ጉዞ» የሚባለው፣ ስለ ከተማ መጓጓዣና ስለ ንጹሕ አየር የሚያጠና ፕሮጀክት ግን ያውቃል። ሦስት ቀን ደባርቅ ከርሞ፣ በሦስቱ ቀን አሥራ አንድ ተሳፋሪ ቆጥሮ፣ የከተማዋ ሕዝብ አውቶቡስ አይፈልግም ብሎ ጽፏል። የጻፉት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ቁጥሩም ትክክል ነው። እኔን የሚያናድደኝ ትክክል መሆኑ ነው።

ፕሮጀክቱ ዘንድሮ መስከረም ላይ ለስድስት ወር ሙከራ አንዲት አውቶቡስ ሰጠን። ሃያ ዘጠኝ መቀመጫ አላት፤ ከታች ሰፈር ትነሳለች፣ በገበያው በኩል አድርጋ ሆስፒታሉ በር ድረስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ከዚያ በፊት የታች ሰፈር ሰው ወይ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፣ ወይ ባጃጅ ይለምናል። ይለምናል ስል ማጋነኔ አይደለም። ዳገቱ ላይ የተነጠፈው ድንጋይ ከተነቃቀለ ወዲህ ባጃጆቹ ወደዚያ መውረድ አይወዱም።

ከማንም ይልቅ አውቶቡሷ የደረሰችላት ለወለተ ጊዮርጊስ ነው። ወለተ ጊዮርጊስ የካህናት ካባ ሰፊ ናት፤ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። በልጅነቷ ፖሊዮ ግራ እግሯን ስላሰለለው በክራንች ትሄዳለች። የምትኖረው ታች ሰፈር ነው፤ የስፌት መኪናዋ ያለችው ገበያው ዳር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። ባጃጅ ብትጠራ ክራንቿ የሰው ቦታ ይይዛል ይሏትና «ኮንትራት ካልሆነ አይሆንም» ትባላለች። በዚህ ምክንያት ሥራዋ የምትደርሰው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። ዳባት ገጠር ያለው ወንድሟ ቢራራ በደወለ ቁጥር «ነይ፣ እኛ ዘንድ አርፈሽ ተቀመጪ» ይላታል። «መቀመጥ መቀመጥማ እዚህም እቀመጣለሁ፤ እየሰፋሁ» ትለዋለች።

አውቶቡሷ ስትመጣ በሳምንት ስድስት ቀን መሥራት ጀመረች። ቢራራም «ነይ» ማለቱን ተወ። እንግዲህ ይህን ያዙልኝ፦ አውቶቡሷ ካለች ወለተ ጊዮርጊስ በራሷ ቤት፣ በራሷ እጅ ሥራ ትኖራለች። ከቀረች ክፍሏን ለቃ የወንድሟ ቤት ጥግ ትገባለች።

የካቲት ላይ ፌርማታው ላይ አንድ ደብዳቤ ተለጠፈ። «የፕሮጀክቱ ቡድን ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሥራ ጉብኝት ስለሚያደርግ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግ» ይላል። ይኸው ነው። ተሳፋሪ እንደሚቆጠር፣ የአውቶቡሷም መቅረትና አለመቅረት በዚያ ቁጥር እንደሚወሰን አንድ ቃል የለበትም። ሕዝቡ ደግሞ የተጻፈለትን አነበበ፦ እንግዳ ሊመጣ ነው።

ወለተ ጊዮርጊስ በቀጥታ የሄደችው ወደ ሰፈሩ ደብር አገልጋይ፣ ወደ መምሬ ገብረ ክርስቶስ ነው።

«አባ፣ አውቶቡሷን የሰጡን ሰዎች ሊጎበኙን ነው አሉ።»

«እሰይ፣ ይምጡ! ምን እናድርግላቸው ትያለሽ?»

«ጧት ጧት እንዴት እንደምንታጨቅ እርስዎ ያውቁታል። ባለፈው እንኳ በሩ ላይ ተንጠልጥለው ነው የመጡ።»

«ቆሜ ነው እንጂ መቼ ተንጠለጠልሁ?»

«ጥምጥምዎ ውጭ ነበር፣ አባ።»

መምሬ ሳቅ አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡ። «እውነትሽን ነው። የሰጡንን ሰዎች መቀመጫ ነስተን ብናቆማቸው ነውር ነው። አንቺስ ታዲያ እንዴት ትሆኛለሽ?»

«እኔማ እወጣዋለሁ። ሦስት ቀን አይገድለኝም።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ አወጁ። «ከሰኞ እስከ ረቡዕ እግር ያለው በእግሩ ይሂድ። በሽተኛ ብቻ ይሳፈር። ወንበሩን ለእንግዶቻችን እንልቀቅ።» ሕዝቡ በአንድ አፍ እሺ አለ። የዚያኑ ዕለት ማታ ወጣቶቹ አውቶቡሷን አጠቧት፤ ሰኞ ጧት አንዲት እናት ወለሏ ላይ ቄጠማ ጎዘጎዙባት። በዚህ አገር እንግዳ ሲመጣ ባለቤት ይነሳል፤ ለምን ተነሳህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አብሬ በእግሬ ሄጃለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ቄጠማው ለተዝካር እንደተጎዘጎዘ የገባኝ በኋላ ነው።

ሰኞ ጧት የቡድኑ መሪ አቶ ሕሩይ ከአንዲት የሥራ ባልደረባው ጋር አውቶቡሷ ላይ ወጣ። ያመጧቸው ሁለት ትልልቅ መኪኖች በየፌርማታው ሞተራቸውን ሳያጠፉ ከኋላ ከኋላ ተከተሉ። ስለ ንጹሕ አየር የሚያጠና ሰው ምናልባት ቢደክመውስ? የሆነውን ሁሉ የነገረኝ ሹፌሩ ያርጋል ነው።

«ሰው የለም እንዴ?» አለ አቶ ሕሩይ።

«ምን ጠፍቶ፣ ይኸው መንገዱን ሞልቶት!» አለ ያርጋል።

«ታዲያ ለምን አይሳፈሩም?»

«እናንተ እንዳትጨናነቁ ነዋ። ለእንግዳ ወንበር ይለቀቅ ተብሎ በደብሩ ታውጆ። ሌላ ቀን ቢሆን እንኳን ወንበር የእግር ማሳረፊያ አታገኙም ነበር።»

«ጨዋ ሕዝብ!» አለ አቶ ሕሩይ፤ ሳቀም።

«እንዲህ ተብሎ ይጻፍልን።»

«ፎርሙ ላይ ለሱ የሚሆን ቦታ የለም፣ ወንድሜ። እኛ የምንሞላው የተሳፈረውን ነው።»

ያርጋል መንዳቱን ቀጠለ። ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ አልነገሩትም። በሦስት ቀን አሥራ አንድ ሰው ተሳፈረ፦ በሽተኞች፣ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት፣ ወሬውን ያልሰማ፣ ከሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር የወረደ የፓርክ ጠባቂ ስካውት። ስካውቱ ባዶውን ወንበር ሲያይ «ደግሞ ምን መጣ?» ብሎ ሊወርድ ነበር አሉ።

ወለተ ጊዮርጊስ ዳገቱን ተያያዘችው። ሰኞ አንድ ሰዓት ፈጀባት። ማክሰኞ ብብቷ ሥር ቆስሎ ጨርቅ ጠመጠመችበት። ረቡዕ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወሰደባት። አውቶቡሷ ስታልፋት ቆም አለችና ክራንቿን ተደግፋ፣ ፈገግ ብላ እጅ ነሳች። የአቶ ሕሩይ ባልደረባ በመስኮቱ በኩል ፎቶ አነሳቻት።

ሪፖርቱ ሚያዝያ ላይ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ቀረበ። ርእሱ ስለ ዘላቂ የከተማ ትራንስፖርት ነው። የሆቴሉ ግቢ በመኪና ስለሞላ እኛ እግረኞች በጓሮ በር ገባን። የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ወለተ ጊዮርጊስ ከነክራንቿ አለች፤ ከሥሯ «ደባርቅ፦ በእግሯ የምትጓዝ ከተማ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ደግሞ ነዋሪው በእግር መሄድን አጥብቆ እንደሚመርጥ፣ ይህም ሊበረታታ የሚገባው ባህል እንደሆነ፣ ስለዚህም አውቶቡሷ ፍላጎት ወዳለበት ሌላ ከተማ እንድትዛወር ይላል። ከዚያ ለከተማችን የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ተጨበጨበ!

ወለተ ጊዮርጊስ ማይክራፎን ጠየቀች።

«ጌታዬ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት? እንኳን ደስ አለዎት!»

«በእግሬ የሄድሁት መርጬ አይደለም። ለእናንተ ወንበር ልንለቅ ብለን ነው።»

«ገብቶኛል፣ እናቴ። ግን ዳታ ዳታ ነው።»

«እንግዲያው ነገ መጥታችሁ ቁጠሩን። ያኔ መግቢያ ካገኛችሁ!»

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ሕሩይም አብሮ ሳቀና የጥናቱ ጊዜ እንደተዘጋ አስረዳ። መምሬ ገብረ ክርስቶስ ከወንበራቸው ተነሱ። «ያወጅሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን አትቅጧት» አሉ።

«ኧረ አባ፣ ይቀመጡ! ጥፋት የሚባል የለም። ውጤቱ እኮ አዎንታዊ ነው።»

የሰባ ዓመት ካህን በሕዝብ ፊት ጥፋተኛ ነኝ ብለው ቆሙ፤ የተማረው ሰው ግን አንዲት መስመር የሚያርምበት እስክሪብቶ አጣ። በሳምንቱ አውቶቡሷ ሄደች። አሁን ቢራራ ከዳባት መጥቶ የስፌት መኪናዋን የሚጭን አይሱዙ አነጋግሯል። ወለተ ጊዮርጊስ ክፍሏን የምትለቀው በሰኔ መጨረሻ ነው። ሁለት ካባ ቀርቷታል፤ እሱን ሳልጨርስ አልነሳም ብላለች።

አቶ ሕሩይ በመጪው ቅዳሜ «የእግር ጉዞ ቀን»ን ሊያስከብር ደባርቅ ይመጣል ተብሏል። መልካም፣ ይምጣ። ወንበር የሚለቅለት ግን የለም፤ ቆሞ ይናገራል። እኛም እንቆማለን፤ ያርጋልም፣ መምሬም፣ ወለተ ጊዮርጊስም እዚያው ናቸው። አቶ ሕሩይ፣ ሹፌሩ ወንበሩ ለምን ባዶ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ነግሮሃል። የነገረህን ሪፖርቱ ውስጥ ያልጻፍኸው ለምንድን ነው? በስልክ አይደለም፣ በደብዳቤም አይደለም፤ ቅዳሜ፣ በማይክራፎን፣ በሕዝቡ ፊት መልስ።