የነጅመዲን ባለሞተር ፓራሹት

«ወይኔ ነጅሙ! ወይኔ ጎረቤቴ!» እያሉ እትዬ በለጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ፣ ሟቹ ከነጩ ጨርቅ ሥር ተንበርክኮ ክር በጥርሱ እየበጠሰ ነበር።

«ማነው የሞተው?» አለ ነጅመዲን አንገቱን ብቅ አድርጎ።

እትዬ በለጡ ጮኹ። ከኋላቸው ሰዉን አስከትለው የመጡት የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ወልደ ሐዋርያትም ኮፍያቸውን እንዳወለቁ ደርቀው ቀሩ።

አይፈረድባቸውም። ቀበና ውስጥ ነጭ ጨርቅ ከአጥር እስከ አጥር ተወጥሮ ከታየ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። ነጅመዲን ያልዳረው ልጅ የለውም። ሚስቱን ዘሀራን ደግሞ ጠዋት ዳቦ ቤት አይተዋታል። የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

«ድንኳን እኮ አይደለም፤ ፓራሹት ነው» አለ እያፈረ።

ነጅመዲን የጦር ሠራዊት ፓራሹት ሲጠግን ኖሮ በጡረታ የወጣ፣ አሁን ቤቱ ቁጭ ብሎ የመኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ነው። አንድ ቀን ሳሙና በተጠቀለለበት የፈረንጅ መጽሔት ገጽ ላይ፣ ከኋላው ማራገቢያ ባለው ባለሦስት ጎማ ጋሪ ተቀምጦ ከፓራሹት ሥር የሚበር ሰው አየ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘሀራ ባል ነበራት ለማለት ይከብዳል። ከመርካቶ የአሮጌ ፓራሹት ቁርጥራጭ ለቅሞ ነፋስ የሚውጡ ዘጠኝ ኪሶች አድርጎ ሰፋው። ጋሪውን ከአልሙኒየም መሰላል፣ ሞተሩን ከወላለቀ ሞተር ብስክሌት፣ ማራገቢያውን ከዋንዛ ሠራ።

ሁለት ጊዜ እንጦጦ ወጥቶ ሞከረ። ሁለቱንም ጊዜ ጨርቁ ሳይነፋ ተጠቅልሎ ቀረ። ዘሀራም ቆረጠች፦ ዛሬ ከመሬት ካልተነሣ ጨርቁ ለልጅ ልጆቿ የዝናብ ልብስ ይሆናል። ተነሣሁ ቢላትም ያለ ምስክር አታምነውም።

«ጨርቁን የሚይዝልኝ ሰው ባገኝ ነበር» አለ ነጅመዲን።

ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። «ስንት ሰው ይበቃሃል?»

«ስድስት።»

«ድንኳን ተካዮቻችን ስምንት ናቸው። ለለቅሶህ ብለው ሥራቸውን ትተው መጥተዋል፤ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።»

ሁሉንም በጎረቤታቸው በከበበ ፒክአፕ ላይ ጫኑ። ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ኬላ ላይ ጠባቂው «ምንድን ነው የጫናችሁት?» ቢል፣ ጋሼ «የእድር ዕቃ» አሉ። እትዬ በለጡ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ማን ይጠረጥራል? ጠባቂው እንዲያውም «ነፍስ ይማር» ብሎ አሳለፋቸው።

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወዲያ ካለው ሜዳ ሲደርሱ ድንኳን ተካዮቹ ጨርቁን ከጋሪው ኋላ ዘርግተው አፉን ወደ ነፋሱ ከፍተው ያዙ።

«እትዬ በለጡ፣ እርስዎ ጎማውን ብቻ ይመልከቱልኝ። ምስክሬ እርስዎ ነዎት።»

«ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። «ልቀቁ!» ዘጠኙም ኪሶች ተነፉ፤ ጨርቁ ከራሱ በላይ ቆመ። ጋሪው እየዘለለ ሮጠ፣ ሮጠ፤ ከዚያ ከመቀመጫው ሥር የነበረው ጉርብጥብጥ ድንገት ጸጥ አለ። ነጅመዲን ትንፋሹን ዋጠ። እስከ ስድስት ቆጠረ። ወዲያው ሞተሩ በስሱ የእንጦጦ አየር ደከመና ጋሪው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

እየሮጡ መጥተው ጎትተው አወጡት። አንዱ ክርኑን ያሻል፣ ሌላው ጨርቁ እንዳይቀደድ ከእሾሁ ያላቅቃል። ነጅመዲን እያንዳንዳቸውን አያቸው። ሞተ ብለው አልቅሰው የመጡ ሰዎች፣ በሕይወት ሲያገኙት አንዳቸውም አልተቆጡም። የጋሼን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አላህ ይስጥልኝ» አለ። «ሦስት ዓመት ብቻዬን ታገልኩ። ያነሣችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ከዚያ እንባውን ጠርጎ ወደ ምስክሩ ዞረ። «እትዬ በለጡ፣ ለዘሀራ ስንት ሜትር ወጣ ልበላት?»

እትዬ በለጡ ከቀሚሳቸው ጉልበት ላይ ሣሩን አራገፉ።

«እንጃ ነጅሙ፤ ጎማው መሬቱን መልቀቁን እንኳ ያየሁት ተንበርክኬ ነው።»