ቅቤ የተቀባ ሻንሲ

አሰላ ውስጥ ከዲሮን የማያውቅ የለም፤ ያ ረጅሙ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው መካኒክ። አብረን ነው የምንሠራው። ኢፍቱን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ አባቷ ሐጂ ቱፋ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «መጀመሪያ የመኪናዬን ሻንሲ ይጠግን። በቆጂ ደርሳ ገብስ ጭና ከተመለሰች ልጄን ይውሰድ። መንገድ ላይ ከቀረች ግን ሌላ አገር ሚስት ይፈልግ!»

መኪናዋ ያቺ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ትሬንታ ኳትሮ ናት። ሸክሙን የሚይዘው የሥር ብረቷ፣ ሻንሲዋ፣ ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል። ብየዳ ብቻውን የበቆጂን መንገድ አይችልም፤ ወፍራም ላሜራ ደርቦ በቡሎን ማሰር ነው። ለዚያ ደግሞ ብረቱን መብሳት። በእጅ ትራፓኖማ ሰርጉ ለልጅ ልጅ ይደርሳል! ደግነቱ ከዲሮ፣ መንገድ ሠሪዎች ካምፕ ሲነቅሉ የገዛት ትራፓኖ አለችው። እግሯ ማግኔት ነው፤ መብራት ሲለቁባት ብረት ላይ ልጥፍ ትላለች። መብራቱን የምንስበው ከጎረቤታችን ወፍጮ ቤት፣ ዲናሞ ከሚያዞረው ከባለወፍጮው ከመርሻ የናፍጣ ሞተር ነው።

ጠዋት ጋራዥ ስንመጣ ሐጂና ባለቤታቸው እማማ አስያ ቀድመውናል። እማማ አስያማ ሻንሲውን ለምርቃት ቅቤ ቀብተውታል! ያውም ልክ የተሰነጠቀው ላይ።

ከዲሮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ማግኔት ቅቤ ላይ አይዝም፤ ይንሸራተታል።»

«ጥረገዋ!»

«የአማቴን ምርቃት በጨርቅ? ከዚያ አንተ ልታገባኝ ነው?»

ትንሽ አሰበና ቅቤውን በጣቱ እየዛቀ የራሱን አናት ይቀባ ጀመር። እማማ አስያ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ።

«ለሙሽራነት ቸኩሏል» አሉ ሐጂ።

የቀረውን በቤንዚን ጠረገ፣ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቀ፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ። ትራፓኖዋን ቦታዋ ላይ አስጠግቶ መብራት ለቀቀባት። በእጁ ነቀነቃት፤ ንቅንቅ የለም። አሁን ይበሳል ስንል ሰንሰለት አምጥቶ ከሻንሲው ጋር አሰራት።

«ላም ናት እንዴ?» አልኩት።

«መብራት ሲጠፋ ማግኔቱም ይለቃል።»

ሐጂ ሳቁ። «የራሱን ማግኔት ለማያምን ሰው ልጄን አምኜ ልስጥ?»

ከዲሮ ፊቱ ልውጥ አለ፤ ሰንሰለቱን ግን አልፈታም። «ሐጂ፣ ጋቢዎን ያውልቁልኝ፤ የምትሽከረከረው መብሻዋ፣ ፑንታዋ፣ ከያዘችው ትጠመጥመዋለች። ከሥርም ራቅ ይበሉልኝ።»

«ጭራሽ ማዘዝ ጀመርክ?» ጋቢውን አወለቁ፤ ከቦታቸው ግን ወይ ፍንክች!

አንደኛው ቀዳዳ እንደ ቅቤ አለፈለት። እኔ ዘይት አንጠባጥባለሁ፣ የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሁለተኛውን ሲጀምር መርሻ የሚፈጨው እህል አለቀበት፤ እህል ሲያልቅ ደግሞ ለናፍጣው ሳስቶ ሞተሩን ማጥፋት ልማዱ ነው። አጠፋው።

ትራፓኖዋ ከነክብደቷ ቁልቁል ወረደች። ሰንሰለቱ ቀጭ አለና ያዛት። ከሐጂ ጫማ በላይ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

ከዲሮ እጁን ሰዶ መጀመሪያ ማብሪያዋን አጠፋ። «መርሻ ድንገት ሞተሩን ካስነሳ ተንጠልጥላ ትሽከረከርብናለች።»

እኔ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጮህኩ፤ «መርሻ! እህል ከሌለ ድንጋይ ፍጭ!»

ሐጂ እግራቸውን ቀስ ብለው ሳቡ። እማማ አስያ ግን ደረታቸውን ነፉ። «አያችሁ? ቅቤዬ ነው ያተረፈን!»

«ሰንሰለቱ ነው እንጂ! ቅቤሽማ አናቱ ላይ ነው» አሉ ሐጂ።

«አንተ ንገረው» አሉ እማማ አስያ ወደ ከዲሮ ዞረው። «ቅቤዬ ነው ሰንሰለትህ?»

ከዲሮ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል፤ ቅቤው ቀልጦ ግንባሩ ላይ እየወረደ። «ቅቤዎ ነው፣ እናቴ» አለ፤ ሰንሰለቱን እንደገና እያጠበቀ።

ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አስያን ‹ልክ ነሽ› እያሉ ሥራን መቀጠል ለመማር እኔ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል! በሉ፣ ኢፍቱን ወስዷል።»

«በቆጂስ ቀረ?» አልኳቸው።

«ምን ይቀራል! ለሰርጉ፣ በቅቤ ለሚታሸው ጩኮ ገብሱን ማን ያመጣል? ቅቤውን እንደሆነ አናቱ ላይ ጨርሶታል!»