የግንበኛው ቱንቢ

«ተነሺና “ተመስገን” በይ ልጄ፤ ይውጣልሽ» አሉ የሟቹ ግንበኛ አክስት፣ የሚስቱን ክንድ ጨበጥ አድርገው።

ሚስትየው አልተነሣችም። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መሬት ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ጣሪያ ሥር መቀመጥ የሚደፍር ስለጠፋ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ በተወጠረው ሸራ ሥር ተኮልኩሏል። ቄሱ ጸሎቱን ሊጨርሱ ነው፤ ሲጨርሱ እሷ ተነሥታ ፈጣሪን ታመስግን ተብሏል። ምን ብላ ታመስግን?

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«የገዛ ግድግዳው እኮ ነው የተጫነው! ጥላው ሥር ምሳውን እየበላ።»

«ምን ቢበድል ይሆን?»

ወይ ጉድ! ያ ሰው? በቱንቢ ሳያይ አንድ ብሎኬት የማያስቀምጠው? አንዴማ አንዲት ጣት ዘመመ ብሎ፣ የቤቱ አሠሪ እየጮኸበት ቀኑን ሙሉ የገነባውን አፍርሶታል። ከሥራ ሲመለስ ያቺን ክር ላይ የምትንጠለጠል ብረት ጭኗ ላይ ጣል ያደርግላታል፤ ክሩ ተተብትቦ፣ እዚህም እዚያም ተቋጥሮ።

«አዲስ ክር ብትገዛ ምን አለበት?» ትለዋለች፣ በጥፍሯ እየፈታች።

«አንቺ እያለሽልኝ?» ይላል እየሳቀ።

ቄሱ ቀና አሉ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ልጄ። በይ እንግዲህ።»

ተነሣች። ከፍርስራሹ የተገኘውን ቱንቢ ከኪሷ አወጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ። የባሌ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነበር። የከዳው መሬቱ ነው፤ መሬቱን ደግሞ ባሌ አልሠራውም።»

«ኧረ በስመ አብ!» አክስቱ አፋቸውን ያዙ።

«አይደንግጡ አክስቴ፣ አልካድኩም። ብክድማ ከማን ጋር እጣላለሁ?» ወደ ላይ ቀና አለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ጌታዬ፣ እሱ የድርሻውን ቀጥ አድርጎ ሠርቷል። ያንተን አንተ አስረዳኝ። እስክታስረዳኝ ተመስገን አልልህም። ከደጅህም አልሄድም፤ ብታባርረኝም አልሄድ!»

ቄሱ ሊጠቅሱ ያሰቡትን ጥቅስ ተዉት። ዝቅ ባለ ድምፅ «አሜን» አሉ።

ቁጭ አለችና ክሩን መጠቅለል ጀመረች። መሐል ላይ ጣቷን አንድ ቋጠሮ ያዛት። ያው የሱ ነው፤ በሞተበት ቀን ጠዋት የቋጠረው ይሆናል። እንደ ልማዷ ጥፍሯን ሰደደችበት።

ከዚያ ተወችው። ከነቋጠሮው ጠቀለለችና ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው።