ሆዴ የጮኸበት ሽምግልና

ስኳር ይዞኝ ኪኒን መዋጥ ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሐኪሟ «ስብም በዝቶብዎታል» ብላ የኮሌስትሮል ኪኒን ጨመረችልኝ። ልጆቼ፣ አትሳቁና፣ በሳምንቱ ሆዴን ይነፋኝ፣ ያስቀምጠኝ ጀመር። ከካዛንቺስ ኡራኤል ድረስ ሽንት ቤት የማይከለክለኝን ካፌ ሁሉ አወቅሁት።

ለሐኪሟ መናገር አፈርኩ። የልጄ እኩያ ናት። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ፤ ቀብር ያለ ዕለት አልውጥም፣ የእድር ስብሰባ ያለ ዕለት አልውጥም። በኛ ሰፈር ደግሞ ሰው መሃል የማይዋልበት ቀን የት አለና?

ደሜ ሲመረመር ስቡ ንቅንቅ አላለም። «መድኃኒቱ አንሶዎታል፣ እጥፍ እናድርገው። ልብዎ ያሰጋኛል» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲያ እጥፉን አንድም ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የጀማነሽ ልጅ ኤርሚ ሽማግሌ ላከኝ። መስቀል ፍላወር፣ አቶ ጉተማ ቤት፣ ልጃቸውን ለኤርሚ ልንጠይቅ ሦስት ሆነን ገባን። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ «ተቀመጡ» ቢሉን «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ተናጋሪው እኔ ነኝ። አፌን ልከፍት ስል ሆዴ ቀደመኝ። ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ብቆም ውርደት ነው። ዝም ብዬ ብወጣ ደግሞ ሽማግሌው ረግጦ ወጣ ይባላል፤ የልጁ ነገር ተበላሸ ማለት ነው።

«አቶ ጉተማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሽንት ቤት ያሳዩኝ።»

«ምነው ጋሼ፣ ነገሩን ሳይጀምሩ? ምን አስቀየምንዎ?»

«እናንተማ ምን አደረጋችሁ። ኪኒን ነው፣ የኮሌስትሮል።»

ስመለስ አቶ ጉተማ ሳቃቸውን ለመዋጥ ይታገላሉ። «በሉ ይቀመጡ። ጓዳችንን ካዩ ወዲያ ምን ባዕድነት አለ?» የመጣንበትን ተናገርን። እሺታውን ግን ያን ቀን አልሰጡንም፤ እንደ ወጉ ቀጠሩን።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልኩትን ለአንዲት ልጅ መንገር ምን ያቅተኛል? ሁሉንም ነገርኳት፤ የዘለልኳቸውንም ቀናት።

«መጀመሪያ ላይ በሳምንት ስንት ቀን ነበር የሚውጡት?»

«ሁለት… ቢበዛ ሦስት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔኮ መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ነው የጨመርኩት። ምነው በነገሩኝ፣ አባባ?»

«አፍሬ ነው የኔ ልጅ።»

ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች። «እሺ፣ ከሆድዎ እንጀምር። የስኳሩም ኪኒን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ሆድ ያውካል፤ ሌላ ሲደረብበት ደግሞ ሊብስ ይችላል። እሱንስ ምግብ በልተው ነው የሚውጡት፣ ወይስ በባዶ ሆድ?»

በባዶ ሆድ ነበር፣ ልጆቼ። ያን ሁሉ ዓመት።