አሜን እስኪደርስ

ደገፉ የዘረጋው መስመር እንከን አልነበረውም። ይህን የሚለው ራሱ ደገፉ ስለሆነ ብዙም አይታመን ይሆናል፤ ግን እውነት ነው። ሃላሌ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ዲሹን የተከለው እሱ፣ ገመዱን የጎተተው እሱ፣ አዳራሹ ውስጥ ትልቁን ስክሪንና ካሜራውን ያቆመው እሱ ነው። ምስልና ድምፅ ከሃላሌ ተነሥቶ ሳተላይቷ ዘንድ ይወጣል፣ ከዚያ ሶዶ ወዳለው አዳራሽ ይወርዳል። በሶዶው ጫፍ ጓደኛው ማቲ ተቀምጦ ሁለቱ ሲሞካከሩ ሰነበቱ። አንዱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ደገፉ ይለካል። ድምፁም ምስሉም ጥርት ያለ ነበር። አንድ ነገር ብቻ፣ ቃሉ ሰማይ ደርሶ ሶዶ እስኪወርድ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ያህል ይዘገያል። ደገፉ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሶዶ ለመድረስ በአውቶቡስ ሲንገላታ ለሚውል ሰው አንድ ትንፋሽ ምኑ ነው?

«እኔና አንተ አንድ ሁለት ስንባባል ብንውል ምን ይፈተናል?» አለው ማቲ አንድ ቀን። «በሰው ይፈተን እንጂ።»

እውነቱን ነበር። መስመሩን ከማስረከባቸው በፊት ረጅም የሰው ንግግር መሸከም መቻሉ መታየት ነበረበት። ሰው ግን ከየት ይምጣ? ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት በቀሩበት በዚያ ነሐሴ ዝናቡ አላባራ ብሎ ከሃላሌ ወደ ቤሌና ወደ ሶዶ የሚያወጣውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት፣ ሁሉም ቤቱ ተከቶ ነበር።

ደገፉን እንቅልፍ የነሣው ግን መስመሩ ሳይሆን መንገዱ ነው። ቅዳሜ ሚስት የሚጠይቁለት ሽማግሌዎች ሶዶ፣ አቶ ባዳቾ ቤት መድረስ ነበረባቸው። የአቶ ባዳቾ ልጅ ኢየሩሳሌም ሶዶ ውስጥ መምህርት ናት። ደገፉ ከእሷ ጋር በአንድ ኳየር ሁለት ዓመት ዘምሯል፤ ዘምሯል ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እሷን ሲያይ መዝሙሩ ያልቅበት ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው። ከቃላቸው ዝንፍ አይሉም፣ ሌላውም ዝንፍ ሲል አይወዱም። ለደገፉ ሽማግሌዎች ቅዳሜን፣ አይሱዙ ላለው ለአንድ የቤሌ ነጋዴ ሽማግሌዎች ደግሞ ሰኞን ቆርጠው ሰጥተዋል። ቅዳሜ ያልመጣ ቀረ ማለት ነው። ኢየሩሳሌም በማቲ በኩል የላከችው መልእክት አጭር ነበር። «አይሱዙ ያቅለሸልሸኛል። ግን አባቴን ታውቀዋለህ።»

ደገፉ ጭንቀቱን ለኃላፊው ለአቶ ጌታሁን አዋየ። አቶ ጌታሁን ጥቂት አሰቡና «በሰው ይፈተን ብላችሁ የለ? ሽማግሌ ሰው አይደለም እንዴ?» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። አቶ ባዳቾም ሲጠየቁ ፈቀዱ። ሽማግሌ በእግሩም ይምጣ በሰማይ፣ የመጣን ሽማግሌ አልመልስም ነበር ያሉት።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አቶ ጦና አንደበታቸው የታወቀ ነው፤ ለቅሶ ቤት ንግግር ሲጀምሩ በእንግድነት የገባ ሰው፣ ሲጨርሱ ዘመድ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው አቶ አድነው አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሃላሌ የቀሩ ባለ ሱቅ ናቸው። ስኳርና ሳሙና፣ ቤንዚንም በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣሉ፤ ወሬ አይወዱም። ለእሳቸው ሲባል ንግግሩ በወላይትኛ ሳይሆን በአማርኛ እንዲሆን ተስማሙ።

ቅዳሜ ደረሰ። መብራት ከጠፋ ቀናት ስላለፉ ጄኔሬተሩ ከአቶ አድነው ሱቅ በተገኘችው የመጨረሻ ቤንዚን ይንደቀደቃል። ሌላ ችግርም ነበር። ሚስት የሚጠየቅለት ሰው ሽምግልናው ላይ አይገኝም፤ ደገፉ ካልተገኘ ግን ማሽኑን የሚይዝ የለም። ስለዚህ ከትልቁ ስክሪን ጀርባ ገመድ መሃል ቁጭ አለና ትንሿን ስክሪን ከፊቱ አደረገ። እንደሌለም ተቆጠረ።

ሶዶ ብቅ አለች። አቶ ባዳቾ ክራቫታቸውን አስረው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሳየሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ በደንቡ መሠረት ቆሙ። ሽማግሌ ተቀመጥ ሳይባል አይቀመጥም።

«ሳሮ! እንደምን ሰነበታችሁ!» አሉ አቶ ጦና።

ሰላምታው ወደ ሰማይ ወጣ። ሶዶ ላይ ሰዎቹ ቆመው ዝም ያሉ ይመስላል፤ አቶ ባዳቾ ደግሞ እንግዳ ሲያፍር አይወዱም። «እንኳን ደህና...» ብለው ሲጀምሩ የአቶ ጦና ሰላምታ ከች አለ። ደንግጠው አቆሙ። ሃላሌ ላይ አቶ ጦናም መልስ ሲዘገይባቸው ድጋሚ ሊጀምሩ የአቶ ባዳቾ ግማሽ ቃል ደረሰባቸው። እሳቸውም አቆሙ።

«ይቅርታ፣ አቋረጥኩዎት፤ ይቀጥሉ።»

«ኧረ ይቅርታ፣ እርስዎ ይቀጥሉ።»

«በጌታ፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

«ኧረ እርስዎ!»

ሁለቱም ዝም አሉ። ሁለቱም ዝምታው ሲረዝምባቸው ባንዴ ጀመሩ፣ ባንዴም አቆሙ። እንደገና ይቅርታ ተባባሉ።

መቀመጡ ደግሞ ባሰ። አቶ ባዳቾ «ተቀመጡ እንጂ!» አሉ። ቃሉ መንገድ ላይ እያለ ሰዎቹ እንደ ቆሙ ይታያሉ። ሽማግሌ ተቀመጥ ተብሎ እምቢ የሚለው የለመንሁትን ካልሰጣችሁኝ አልቀመጥም ብሎ ሲያስጨንቅ ነው። አቶ ባዳቾ ፊታቸው ተቀየረ። «ገና ሳትጠይቁኝ ታስጨንቁኛላችሁ እንዴ?» አሉ። ሃላሌ ላይ «ተቀመጡ» ሲደርስ ሁለቱ ተቀመጡ፤ ወዲያው ቁጣው ሲደርስ ተደናግጠው ተነሡ። አቶ ባዳቾ እንግዲህ ከቁጣቸው በኋላ የሚያዩት ሰዎቹ ቁጭ ከማለታቸው መልሰው ሲነሡ ነው።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?» አሉ አቶ አድነው በዝግታ።

ደገፉ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለ። መሣሪያዎቹን አየ፤ ሁሉም ደህና ነው። መስመሩ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ሲዘረጋው ዝናቡን አስቦ ነበር፣ ርቀቱን አስቦ ነበር፣ የጄኔሬተሩን ጩኸት እንኳ አስቦ ነበር። ሁለት ጨዋ ሰዎች አንዱ ሌላውን ላስቀድም ብለው መስመሩን ቀርቅረው እንደሚይዙት ግን በፍጹም አላሰበም። በጨዋነታቸው ሚስት ሊያሳጡት ነው።

«አቶ ጦና» አለ ከስክሪኑ ጀርባ በሹክሹክታ፣ «ተናግረው ሲያበቁ ጨርሻለሁ ይበሉ። ያኔ እሳቸው ይጀምራሉ።»

«ሽማግሌ ጨርሻለሁ አይልም» አሉ አቶ ጦና፤ «ሲሞት ነው የሚጨርሰው።»

ደገፉ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሰዎች አንዱ ሌላውን ሳያቋርጥ የሚጠብቅበት ቦታ የት አለ? ስብሰባ ላይ የለም፣ ገበያ ላይ የለም። ጸሎት ላይ! ስንት ጊዜ አቶ ጦና ራሳቸው ሲጸልዩ ጉባኤው እግሩ እየደነዘዘ «አሜን» እስኪባል ጠብቋል።

«እንደ ጸሎት ይሁን» አለ። «የሚናገረው ሲያበቃ ‹ጌታ ይባርካችሁ› ይበል። የሚሰማው ‹አሜን› ይበል። ከመባረኩ በፊት ማንም አያቋርጥ፤ የተናገረውም አሜን ሳይሰማ ሌላ ቃል አይጨምር፣ ከቦታውም አይነሣ።»

ማቲ ይህን ለአቶ ባዳቾ ነገራቸው። ርእሰ መምህሩ ፊታቸው በራ። «ሥርዓት ማለት ይህ ነው!» አሉ።

መስመሩ ወዲያው ሰላም ሆነ።

«ዝናቡ እንዴት ነው? ጌታ ይባርካችሁ» አሉ አቶ ባዳቾ።

«አሜን! ጎርፉ የእንሰቱን ማሳ ጠርጎ ወሰደው። ጌታ ይባርካችሁ።»

«አሜን! በሶዶም በቆሎው ተበላሽቷል። ጌታ ይባርካችሁ።»

«አሜን!»

ችግሩ ሌላ ሆነ። አቶ ጦና እስኪባርኩ ድረስ ማንም እንደማያቋርጣቸው ገባቸው። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ዕድል አጋጥሟቸው አያውቅም። የደገፉን አያት አነሡ፣ የአያቱን በሬ አነሡ፣ በሬው የተገዛበትን ገበያ አነሡ፣ በዚያ ገበያ ያገኙትን ሰው የአባቱን ስም ለማስታወስ ቆም አሉ። ሶዶ ላይ አቶ ባዳቾ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በትዕግሥት ይሰማሉ። ደገፉ የጄኔሬተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ መሳል ጀምሯል።

«አሜን!» አሉ አቶ አድነው ድንገት፣ ጮክ ብለው።

አቶ ጦና ዞረው አፈጠጡባቸው። «ገና አልባረክሁም!»

«ባርከዋል። እኔ ሰምቻለሁ። ወደ ጉዳዩ ይግቡ፣ ቤንዚን የለም።»

አቶ ጦና ክብራቸው እንደተነካ በሚያሳይ ድምፅ ጉዳዩን ባጭሩ ተናገሩ። «ልጅዎን ኢየሩሳሌምን ለልጃችን ለደገፉ እንዲሰጡን ነው የመጣነው። ልጁ ጥሩ ነው። ልጅቷም ጥሩ ናት። ጌታ ይባርካችሁ።»

«አሜን» መጣ ከሶዶ። ከዚያ ዝምታ።

ይህን ዝምታ ሃላሌ ውስጥ በልኩ የሚያውቀው ደገፉ ብቻ ነው። የማሽኑ ድርሻ ሲወጣ አንድ ትንፋሽ፣ ሲመለስ አንድ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ የአቶ ባዳቾ የራሳቸው ነው። የማሽኑ ድርሻ አልፎ ብዙ ቆየ። አቶ ባዳቾ ክራቫታቸውን ነካ አደረጉ፣ ወደ ባለቤታቸው ዞር አሉ፣ ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

«እንግዲህ ልጄን በተመለከተ...»

ጄኔሬተሩ አንድ ጊዜ ሳለና ቀጥ አለ። ስክሪኑ ጨለመ።

አቶ አድነው «ሞተር ሳይክሌ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን አይጠፋም» ብለው ላስቲክ ቱቦና ጠርሙስ ይዘው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ስልኩም መብራት ከጠፋ ወዲህ አይሠራም። ደገፉ ገመዱ መሃል እንደተቀመጠ ቀረ። በጣም ፈርቶ ነበር። መልሱ ተነግሯል፤ ሶዶ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ሃላሌ ድረስ መጥቶ በሩ ተዘግቶበት ተመልሷል። ሰኞ የቤሌው ሰው አይሱዙውን አጥቦ ይመጣል።

አቶ አድነው ብዙ ቆይተው፣ ጨቅይተው፣ አፋቸውን እየጠረጉ ተመለሱ። «ስስብ ግማሹን ዋጥሁት» አሉ። የቀረው ከጠርሙሱ ግማሽ አይሞላም። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ማሽኑ ተንገራግሮ ተነሣ፣ ሶዶ ተመልሳ መጣች።

አቶ ባዳቾ እዚያው ናቸው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው ካሜራው ላይ፣ አፋቸው ግጥም ብሎ።

«ምስሉ ደርቋል እንዴ?» አሉ አቶ ጦና።

አልደረቀም። ዝንብ ግንባራቸው ላይ ትሄዳለች። ከኋላቸው ማቲ ሊናገር አፉን ሲከፍት አቶ ባዳቾ ሳይዞሩ፣ ጣታቸውን አንሥተው እንደ ክፍል ተማሪ ዝም አሰኙት። ከዚያ እንደ ቀድሞው ሆኑ። ሃላሌም መልስ እየጠበቀ ዝም አለ።

ደገፉ ገባው። ሰውየው ተናግረው ባርከዋል። አሜን አልመጣላቸውም። አሜን ሳይሰሙ ደግሞ ሌላ ቃል አይጨምሩም፣ ከቦታቸውም አይነሡም።

«አሜን ይበሉላቸው!» አለ።

«ያልሰማሁትን?» አሉ አቶ ጦና። «‹ልጄን ለቤሌው ሰጥቻለሁ፣ ጌታ ይባርካችሁ› ብለው ቢሆንስ? አሜን ካልን እኮ አለቀ! በገዛ አፋችን!»

ይህም እውነት ነበር። ጄኔሬተሩ መሳሉን ጀመረ። ደገፉ ትንሿን ስክሪን አፍጥጦ አየ። የወይዘሮ አሳየሽ ወንበር ባዶ ነው፣ የአዳራሹ መስኮት ተዘጋግቷል፣ ማቲ ቁልፉን በጣቱ ያዞራል። እኚህ ሰው ግን እዚያ ጠንካራ ወንበር ላይ፣ ዝንብ እየሄደባቸው፣ ይጠብቃሉ። የሚከለክል ሰው አሜን አይጠብቅም፤ ጃንጥላውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ የሚጠብቅ ሰጥቶ ነው።

ደገፉ ከገመዱ መሃል ተነሣ። አንዱን ወንበር ገለበጠ፣ ከካሜራው ፊት ቆመና፣ በኳየር ዘመኑ አንድም ቀን ባላወጣው ድምፅ «አሜን!» አለ።

አንድ ትንፋሽ። ሁለት ትንፋሽ።

«ተመስገን!» አሉ አቶ ባዳቾ ወንበሩ ላይ እየተዘረጉ። «ወገቤ ተቆረጠ እኮ!» ከበሩ ኋላ እልልታ ተሰማ፤ ወይዘሮ አሳየሽ ገቡ፣ ከእሳቸው ኋላ ኢየሩሳሌም። ደገፉን ካሜራው ፊት፣ ትከሻው ላይ ገመድ ተንጠልጥሎ ስታየው ሳቀች። ሳቋ ሃላሌ የደረሰው እሷ ስቃ ካበቃች በኋላ ነው፤ ደገፉ ግን እንደዚያ ደስ ያለው ቀን አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ?» አሉ አቶ ባዳቾ።

«ማሽኑን ነው የምይዘው፣ ጋሼ።»

አቶ ጦና ደገፉን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ወደ ፊት ቀረቡ። «ክቡር አቶ ባዳቾ፣ የተናገሩትን መብራት ጠፍቶ አልሰማንም። ይድገሙልን። ጌታ ይባርካችሁ።»

«አሜን! ልጄን ሰጥቻለሁ። መንገዱ ሲደርቅ ኑና የሰርጉን ቀን እንቁረጥ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሜን ስላላችሁበትም ጸንቷል። በሰርጉ ዕለት አቶ ጦና ንግግር አያደርጉም። ጌታ ይባርካችሁ።»

አቶ ጦና ቀላ ጠቆር አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ረጅም አየር ሳቡና አፋቸውን ከፈቱ።

«አሜን!» አሉ አቶ አድነው፣ ቤንዚን ቤንዚን በሚሸት ትንፋሻቸው።