ዳማ የሚቆምበት ቦታ

ባድሩ ደክሞታል። ድካሙ የአንድ ቀን ድካም አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ሲቀላ በሚባለው ገበያ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ጨርቅ ሲለካ ጉልበቱ ላይ የተጠራቀመ ነው። ሱቁን ለልጁ ለኑሀ አስረክቦ ወደ ሙዝ ማሳው የወረደው ሊያርፍ ነበር። ዝንጀሮ ባለበት አገር ማን ያርፋል?

ማሳው ከከተማው በታች፣ ጫካው ጠርዝ ላይ ነው። በሙዙና በጫካው መካከል ያለው አንድ የመስኖ ቦይ ብቻ ነው። ዝንጀሮዎቹ ፀሐይ ሞቅ ሲል ቦዩን ዘለው ይመጣሉ፤ አንዱን ሙዝ ሲበሉ አሥሩን ነካክሰው ይጥላሉ። ባድሩን የሚያንገበግበው የበሉት ሳይሆን የጣሉት ነው። ተቀጣሪ ጠባቂ ደግሞ አይበረክትለትም፤ አንዱ ሰርግ አለብኝ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው ሳይናገር ይቀራል።

በመጨረሻ ፈቃደ የሚባል ከደጋው ከገረሴ የሚመጣ ገብስ ነጋዴ፣ የድሮ ደንበኛው፣ አንድ ውሻ አመጣለት። ቀላ ያለ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ጅብ ሲያባርር ያደገ ውሻ ነው። ስሙም እንደ መልኩ ዳማ ነው።

«ይሄ ድካም አያውቅም፣ ጋሼ» አለው ፈቃደ። «ብቻ ሲጠሩት እንዲመጣ ያስለምዱት። በመጣ ቁጥር ሥጋ ይስጡት፤ ሌላ ጥበብ የለውም።»

ድካም የማያውቅ ውሻ ለደከመ ሰው ተሰጠ ማለት ነው።

ማሳ የሚጠብቅ ውሻ ማኖር ሃይማኖቱ አይከለክለውም፤ ሼኹንም ጠይቆ አረጋግጧል። ምራቁ ግን ነጃሳ ነው። እርጥብ አፉ ገላን ከነካ ሰባት ጊዜ መታጠብ፣ አንዱን ጊዜ ደግሞ በአፈር ማሸት አለ። ባድሩ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ለሶላት ከታጠበ በኋላ እንኳን ውሻ፣ ጭቃ የነካው ሰው ሲጠጋው ልብሱን ሰብስቦ ዞር የሚል ሰው ነው።

መጀመሪያ ውሻውን በረጅም ገመድ አሰረው። ሳምንት ሳይሞላ ገመዱ የት ድረስ እንደሚደርስ ከእሱ ይልቅ ዝንጀሮዎቹ አወቁት። ትልቁ ወንዴ ከገመዱ ጫፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ዘና ብሎ ይቀመጥና ዳማ ዓይኑ እያየ ሙዙን ይልጣል። ዳማ ሲጮኽና ሲጎትት አንገቱ ተላጠ። ባድሩ አንጀቱ አልችል ብሎት ፈታው።

የተፈታ ቀን ማሳው ጸዳ። ውሻው ግን ቦዩ ላይ አልቆመም፤ ዝንጀሮዎቹን እየነዳ ጫካው ውስጥ ገባ፣ ሲመሽ ምላሱን አንጠልጥሎ ተመለሰ። እንዲያ እያለ ሁለቴ ከገባ በኋላ የጫካው ጥበቃ ይፍሩ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ መጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሲናገርም መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ጋሼ፣ ውሻ ከገባ አውሬውን ይበጠብጣል፣ በሽታም ያስገባል። ትእዛዝ አለብን። እስካሁን አይቼ እንዳላየሁ አልፌአለሁ። ከዚህ ቦይ ማዶ ድጋሚ ካገኘሁት ግን እመታዋለሁ። እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን እቀየምሃለሁ፣ ልጄ» አለ ባድሩ። 

ከዚያ ወዲያ ጠዋትም ማታም ሥራው ውሻ መጥራት ሆነ። «ዳማ! ና!» ሲለው ዳማ ከሙዙ መሀል ብቅ ይልና ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ መላ ሰውነቱ እየተወዛወዘ ይከንፋል። ባድሩ ያንን እርጥብ አፍ ሲያይ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ መዳፉን ዘርግቶም «ቁም! እዚያው!» ይላል። ከዚያ ሥጋውን ይወረውርለታል፣ ዳማም አየር ላይ ይቀልባል። ሊያስረው ጠጋ ሲል ውሻው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይላል፤ አንድ እርምጃ ለአንድ እርምጃ። ትንሽ ሲገፋው ዞሮ ይሮጣል። ባድሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይልና ጉልበቱን ያሻል።

ምሳ ይዛ የመጣችው ሚስቱ ዘሃራ ይህን ስታይ ሳቋ መጣ፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ለፈቃደ መልስለት እንጂ፤ አንተም አረፍ በል።»

«ደንቆሮ ነው። ያልኩትን አይሰማም።»

«ታዲያ መልሰዋ።»

ባድሩ የምሳውን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ። በዚህ ዕድሜው ሲጠራው ደስ ብሎት የሚሮጥለት ፍጡር ሌላ አልነበረውም። ይህን ለዘሃራ ቢነግራት ትቀየመዋለች፣ ለራሱም ቢሆን አፍ አውጥቶ አልተናገረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባድሩ ለዐስር ሶላት ታጥቦ መስገጃውን ማንጎ ሥር ሲያነጥፍ ዝንጀሮዎቹ መጡ። ዳማ ተወነጨፈ። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፣ ጩኸቱ ወደ ቦዩ ሄደ፣ ቦዩንም ተሻገረ። ባድሩ እያነከሰ ደረሰ። በዚያኛው ዳር፣ ከዛፎቹ መሀል፣ ይፍሩ ጠመንጃውን ከትከሻው እያወረደ ነበር።

«ዳማ! ና!»

ውሻው ዞረ። ዝንጀሮው ጭራ ሥር ደርሶ ሳለ ትቶት ዞረ፣ እየከነፈም መጣ። መጣና ከቦዩ ማዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጭራውን እየቆላ ሥጋውን ይጠብቃል።

«ገና በጫካው በኩል ነው ያለው፣ ጋሼ» አለ ይፍሩ። አፈሙዙ ገና ወደ መሬት ነው።

«አየሁት። ትንሽ ታገሰኝ።»

ባድሩ ውሻው እንዳይሸሽ እጁን ዘረጋ፤ ዳማም መዳፉን አይቶ ቁጭ አለ። በለመደው ርቀት፣ ሥጋ ሲወረወርለት በሚቆምበት ልክ። ባድሩ የራሱን መዳፍ አየው። ውሻው ደንቆሮ አልነበረም። እሱ በአፉ ና እያለ በእጁ፣ በእግሩ፣ በፊቱ አትምጣ ሲለው ከርሟል፤ ዳማም ሁለቱንም ሰምቶ፣ ሁለቱንም ለማስደሰት የሚቆምበትን ቦታ አግኝቷል። ባድሩ አፈረ። እንዲህ አድርጎ በውሻ ፊት ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም።

ወደ ፊት ቢራመድ ውሻው ወደ ጠመንጃው ሊሸሽ ነው። ስለዚህ እጁን አጠፈ። ጉልበቱ እየተንቋቋ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፣ ነጩ ጀለቢያው ውሃ ውስጥ ገባ፣ ሁለት ክንዶቹንም ከፈተ።

«ና» አለ ቀስ ብሎ። «ና፣ ዳማ። እኔጋ ድረስ ና።»

ዳማ አንድ እግሩን አንስቶ ቆየ። የለመደው አይደለም። ወደ ኋላ ወደ ጫካው አየ፣ ወደ ባድሩ አየ። ይፍሩም አፈሙዙን ሳያነሳ ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ ዘለለ። ከነጭቃው ባድሩ ደረት ላይ ወጣ፤ ጺሙን፣ ጉንጩን፣ ዓይኑን፣ አፉን ሳይቀር ላሰው። ባድሩ ዓይኑን ጨፍኖ «ያ አላህ» አለ፣ አንገቱን ግን በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው፣ አልለቀቀውም። በጣቶቹ ሥር የገመዱ ጠባሳ ይታወቀዋል።

«መጣልዎ» አለ ይፍሩ። ጠመንጃውን መልሶ አነገተና ወደ መጣበት ሄደ።

ባድሩ ጀለቢያውን አውልቆ በሽርጥ ቀረ። ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳ ፊቱን፣ እጁን፣ ደረቱን ታጠበ፣ በአፈር አሸ፣ ደግሞ ታጠበ። ወገቡን አመመው። ከእንግዲህ በጠራው ቁጥር እንዲህ ሊሆን ነው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ይህ ውሻ በሕይወት እስካለ ድረስ። ሰባተኛውን ጨርሶ ቀና ሲል ዳማ ሳይጠራ መጣና እርጥብ አፍንጫውን ክርኑ ላይ አሳረፈ።

ባድሩ ፀሐይዋን አየ። የሶላቱ ሰዓት ሊያልፍ ትንሽ ቀርቶታል። «ቁም» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ዋጠው። የውሻውን ራስ ዳበሰ፣ ሌላ ጭብጥ አፈር ከመሬት አነሳ፣ ከአንድ ጀመረ።